ሂሳብሽን ሳታዪ ብር አትስጪ

ቆዬ ፈጬ ሱቅ አለኝ፣ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ብሆን ያዋጣኛል ወይ፣ ኩባንያው ቢከስርስ ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምሠራው። ወኪል ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የንግድ ፈቃዱንና የምዝገባውን ነገር ራሳቸው ይነግሩሻል፣ እሱን ልዝለለው።

ስለ መክሰሩ ብዙ አትጨነቂ። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ኩባንያው የደንበኞችን ብር ለብቻ ባንክ ማስቀመጥ አለበት። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

1. ስልክሽ ላይ የሚገባ መልእክት አትመኚ፣ ሂሳብሽን ከፍተሽ እዪ። እኔ አላየሁም። ቅዳሜ ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። አንድ ልጅ "አባቴ ሆስፒታል ነው፣ ቶሎ በልልኝ" እያለ 7,000 ብር ማውጣት ፈለገ። ወዲያው ብሩ ከሱ ወደ ሂሳቤ ገብቷል የሚል መልእክት መጣ። ቁርጥ የድርጅቱ፣ ስሜ ሳይቀር አለበት። ቆጥሬ ሰጠሁት። መርቆኝ ሄደ እኮ! ሱቅ ስዘጋ ነው የላኪውን ቁጥር ያየሁት። በ09 የሚጀምር፣ የተራ ሰው ስልክ።

2. አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቀሪው ላይ ማህተም አስመቺ። እኔ በባዶ እጄ የድርጅቱ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ሲስተም የለም፣ ሰኞ ና" አለችኝ። ሰኞ ስሄድ "ማነው ና ያለህ?" ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባወጣው የተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አቤቱታ ተቀብሎ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ባንክ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ነው የነገረኝ። መመሪያውን ጠቅሼ ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ያቺው ልጅ ወንበር አቀረበችልኝ። ብሩ ግን አልተመለሰም። ለካ በእነሱ በኩል ያለፈ ዝውውር ጭራሽ የለም፤ ልጁ የወሰደው ከመሳቢያዬ ነው። እሱን ምንም መመሪያ አያስመልስልሽም። ፖሊስ ጋር ያመለከትኩትም እንደተቀመጠ አለ።

3. የሚስጥር ቁጥርሽን ለሱቅ ጠባቂ፣ ለዘመድም ቢሆን አትስጪ። (እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ አለኝ፣ የእህቴ ልጅ ይህን ግሩፕ ስለሚያነብ ልተወው።)

ሥራውን አልተውኩትም ግን። ኮሚሽኑ ትንሽ ነው፤ ብር ሊያወጣ የመጣ ሰው ዘይትና ሳሙና ገዝቶ ይሄዳል፣ ትርፉ እሱ ነው። አሁን ደንበኛ ቢነጫነጭም ሂሳቤን ሳላይ መሳቢያ አልከፍትም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ያንኑ ዘዴ ይዞ መጣ። "ቆይ ሂሳቤን ልይ" ስለው "ስልክ ላውራና መጣሁ" ብሎ ወጣ። እስካሁን እያወራ ነው።