በዕዳ ድርድር ለምትቀመጡ የነገ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆች ባገኘኋችሁ ቁጥር «ጌም ቲዎሪ ከፈተና ውጭ ምን ይሠራል?» ትሉኛላችሁ። ጌም ቲዎሪ የአንዱ ውጤት በሌላው ምርጫ ላይ ሲመሠረት ሰዎች እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠና ትምህርት ነው። ዕድሜዬን በብድር ሥራ ነው ያሳለፍኩት። የአገር ዕዳ ድርድርን መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

ብዙ ሰው ድርድሩን በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል ያለ ጉተታ አድርጎ ያየዋል። ከባዱ ጨዋታ ያለው ግን በአበዳሪዎቹ መካከል ነው። ቢቸና ላይ አንድ የጤፍ ነጋዴ ከአምስት ሰው ተበድሮ ከሰረ እንበል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢቀንሱለት ሥራው ይቀጥላል፤ ቀሪውን ይከፍላል። እያንዳንዱ ግን በልቡ «ሌሎቹ ይቀንሱለት፣ እኔ ሙሉውን ልቀበል» ይላል። አምስቱም እንዲህ ካሰቡ ሱቁ ይዘጋል፣ ሁሉም ባዶ እጁን ይቀራል። ብልህ ሽማግሌ አምስቱንም በአንድ ቀን የሚጠራቸው ለዚህ ነው።

አርጀንቲናን ተመልከቱ። በ2001 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በ2005 እና በ2010 ቦንዷን (መንግሥት ሲበደር የሚሸጠውን የዕዳ ሰነድ) ዋጋው በቀነሰ አዲስ ቦንድ ስትለውጥ፣ የ93 በመቶ ያህሉ ዕዳ ባለቤቶች ቅናሹን ተቀበሉ። ጥቂት ፈንዶች (የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው የሚነግዱ ድርጅቶች) እምቢ ብለው ኒውዮርክ ከሰሷት። በ2012 የባሕር ኃይሏን የሥልጠና መርከብ «ሊበርታድ»ን ጋና፣ ቴማ ወደብ ላይ አሳገዱባት። አስቡት፣ የአንድ መንግሥት መርከብ በዕዳ ተይዞ ሲቆም! ፍርድ ቤቱም እነሱን ሳትከፍል ለተስማሙት እንዳትከፍል ከለከላት። በ2016 ከዋና ዋናዎቹ ጋር በ4.65 ቢሊዮን ዶላር ታረቀች። ያልተስማማው ከተስማማው በላይ አተረፈ። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ግን የሕጉ ቀዳዳ የፈቀደው ነው።

አሁን ወደ እኛ። በታኅሣሥ 2014 (በፈረንጆች) አገራችን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (በውጭ ገንዘብ ለውጭ ገዢዎች የሚሸጥ ቦንድ) ሸጠች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ። በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ለአገር ይህ ትንሽ ገንዘብ ነው። ታዲያ ለምን? ከወር በፊት መንግሥታት አበዳሪዎች ክፍያ ለጊዜው እንዲቆም ተስማምተው ነበር። የእነሱን አቁሞ ለቦንድ ገዢዎች መክፈል ማለት የአንዱን ምሕረት ለሌላው ማሳለፍ ነው። «እኩል አያያዝ» የሚባለው ደንብ የሚከለክለው ይህንኑ ነው። ዛምቢያ በ2023 ከቦንድ ገዢዎች ጋር ብትስማማም ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ «ስምምነቱ ለእኛ ፍትሐዊ አይደለም» ብሎ መለሰባት።

ሌላው ነገር ዛቻ ነው። በ2015 የግሪክ ገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ያኒስ ቫሩፋኪስ የጌም ቲዎሪ ምሁር ናቸው። ሕዝቡም ሐምሌ 5 በተደረገው ድምፅ የአበዳሪዎቹን ቅድመ ሁኔታ 61 በመቶ «አይሆንም» አለ። ነገር ግን ባንኮቹ ተዘግተው ሰዉ በቀን 60 ዩሮ ብቻ ያወጣ ነበር። አበዳሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። የግሪክ መንግሥት በሳምንት ገደማ ውስጥ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማማ። ድርድሩ ቢፈርስ የምትኖሩበትን መንገድ ቀድማችሁ ካላዘጋጃችሁ፣ ጠረጴዛ ብትደበድቡም ማንም አይሰማችሁም።

ስለዚህ ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት የቦንድ ውል አንብቡ። ቅናሽ ለማጽደቅ ስንት በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል? ብዙ ውሎች 75 ይላሉ። እንግዲያው ከሩብ በላይ የያዘ ብቻውን በር መዝጋት ይችላል። የአንድ ዶላር ቦንድ በሙሉ ዋጋ የገዛና በ60 ሳንቲም የገዛ ሰው ደግሞ ትዕግሥታቸው አንድ አይደለም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የዛምቢያን ድርድር ውሰዱና ማን ቢዘገይ ማን እንደሚጎዳ በወረቀት ላይ አስቀምጡ። ጨርሳችሁ ስትመጡ ቁጭ ብለን እናየዋለን።