የእንጀራ እናቷ ጥፋት አልነበረም፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ ጅማ ላይ ልጅም መጽሐፍም ቤት ይውላል። የሰሞኑ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ልጆች መጽሐፍ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ አንዱ ላይ የነበረውን ስድብም አውጥቻለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንድ አባት ሄርማታ መርካቶ መንገድ ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ ያነሳሉ። ሽፋኑ ላይ ክብ ወርቃማ ማኅተም አለ። ሻጩ «ይሄማ ተሸላሚ ነው» ብሎ ዋጋ ጨመረባቸው። ተበላሁ እንዴ? ይላሉ።

አልተበሉም፤ መከራከር ግን ነበረብዎት። ማኅተሙ ላይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ካለ የካልዴኮት ሜዳሊያ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ1938 ጀምሮ በየዓመቱ ለአንድ የሥዕል መጽሐፍ ሠዓሊ ይሰጠዋል። ወርቃማው የአሸናፊው ነው፤ ብርማው ደግሞ በክብር ለተጠቀሱት። ልብ ይበሉ፣ የሚሸለመው ሥዕሉ ነው፤ ሠዓሊውም አሜሪካዊ ወይም እዚያ ነዋሪ መሆን አለበት። ስለዚህ ሻጩ «ከዓለም አንደኛ» ካለዎት ዋጋው ይውረድ። ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነው በዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ስም የሚሰጠው ሽልማት ነው፤ ለደራሲዎች ከ1956፣ ለሠዓሊዎች ከ1966 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ይሰጣል። እሱ ግን የሚመዝነው የሰውየውን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

«ሲንደሬላ» ነው ወይስ «ሲንድሬላ»?

ጫማው እስከገጠማት ድረስ እንዳሻዎት።

የስድስት ዓመት ልጅ እናት ከኮቺ ሰፈር ጽፋለች። ዘመድ ከውጭ ያመጣላቸው መጽሐፍ ውስጥ አንበሳና አይጥ እንጂ ጽሑፍ የለም። ልጁ ከእጁ አይለየውም። ባሏ ግን «ይሄ ማንበብ አይባልም፤ ፊደል ይቁጠር» ብሎ ሊደብቀው ነው።

በ2010 ካልዴኮትን ያገኘው የጄሪ ፒንክኒ መጽሐፍ መሆን አለበት። ሽፋኑ ላይ እንኳ የአንበሳው ፊት እንጂ ርዕስ የለበትም። ተረቱ የጥንቱ ግሪካዊ ተራች የኤዞፕ ነው፦ አንበሳው አይጧን ይለቃታል፣ እሷም በኋላ ወጥመዱን በጥርሷ በጥሳ ታስመልጠዋለች። ፒንክኒ ታሪኩን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ሴሬንጌቲ ሜዳ ላይ አኖረውና ቃሉን ሁሉ አወጣው፤ የቀረው የእንስሳቱ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቻት ነበር። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እየተረከች ወጥመዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመለሰችና «እዚህ ጋ አይታዋለች እኮ!» አለች። እኔ አላየሁም ነበር፤ መነጽሬንም አድርጌ። ለባለቤትሽ እንዲህ በይው፦ ማታ ማታ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ «ከዚያስ?» እያለ ይጠይቀው። ፊደሉን ጠዋት ይቁጠር፤ ማን ከለከለው?

አንድ መምህር የጀርመናውያኑን የግሪም ወንድማማቾች ተረት በአማርኛና በኦሮምኛ አሳትመው ለተማሪዎቻቸው ሊሰጡ አስበዋል። ሥዕሉን ከኢንተርኔት ሊያወርዱት ነው። ያስከስሰኛል ወይ?

ተረቱ አያስከስስዎትም፤ ሥዕሉ ግን ሊያስከስስዎት ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የጸሐፊ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ቪልሄልም ግሪም በ1859፣ ያኮብ በ1863 ስለሞቱ ተረታቸው የሁላችን ነው። የቅርብ ሰው ትርጉምና ሥዕል ግን የባለቤቱ ነው። የስኖው ዋይት ሰባቱ ድንኮችም በግሪም ተረት ስም የላቸውም፤ እርስዎ የሚያውቋቸው ስሞችና መልኮች ዲዝኒ በ1937 ካወጣው ፊልም የመጡ ናቸው፤ አይንኳቸው። ለተቀረው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ይጠይቁ። እኔን ከጠየቁኝ ግን እጁ የሚሠራ የሰፈር ልጅ ፈልገው ይክፈሉት። የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት ለመሳል ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ሰገነት ማየት ይበቃዋል።

«የእንጀራ እናት ነኝ» ብላ ትጀምራለች የሚቀጥለዋ። የባሏ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ ታነብላታለች። «በገለጥኩት መጽሐፍ ሁሉ መርዝ የማበላው፣ ጫካ የምጥለው እኔ ነኝ። ትናንት ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ገጹን ራሷ ገለበጠችው።» ምን ላንብብላት? ትላለች።

እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 የስኖው ዋይትን ተረት ሲያሳትሙ፣ በቁንጅና በለጠችኝ ብላ ልጅቷን ልታስገድል የላከችው ንግሥት የገዛ እናቷ ነበረች። በ1819 እትማቸው ወላጇን በወሊድ ገደሉና በቦታዋ የእንጀራ እናት አስገቡ። ሃንዘልና ግሬትልን ጫካ ያስጣለችውም በመጀመሪያው እትም እናታቸው ነበረች፤ ኋላ ላይ እሷም ተቀየረች። መጽሐፉ ልጆች ያሉበት ቤት ሲገባ፣ እናትን የሚያህል ነገር እንዲህ ማሳየት ከበዳቸው። አንቺ የተከሰስሽበት ወንጀል በእርማት የመጣ ነው።

ሆዳቸው ራርቶ ነው እንዳትይ ደግሞ። በዚያው በ1819 እትም የሲንደሬላን እህቶች ዓይን ርግቦች እንዲያወጡት አደረጉ። ከመጀመሪያ እትማቸው 115 ዓመት ቀድሞ፣ በ1697፣ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ያችኑ ልጅ እህቶቿን ይቅር አስብሏት፣ ለመኳንንት ድሯቸው ነበር። አንድ ጫማ፣ ሁለት መጨረሻ።

በእኛም ተረት ስምሽ ጥሩ አይደለም፤ አልዋሽሽም። ቃሉን ያወጣው ሰው ግን የታየው መሶብ እንጂ መርዝ አልነበረም።

እኔን ያሳደገችኝ የእንጀራ እናት ናት። ማንበብ አትችልም ነበር። ክረምት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና እየለቀመች ትተርትልናለች። «ተረት ተረት» ትላለች፤ «የላም በረት» እንላለን። የእንጀራ እናት ያለችበት ቦታ ስትደርስ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆም ይላል። ከዚያ «አንዲት ክፉ ጎረቤት ነበረች» ብላ ትቀጥላለች። ተረቱን ከአያቴ ሰምቼው ስለነበር አንድ ማታ «ጎረቤት አይደለችም፣ የእንጀራ እናት ናት!» ብዬ አረምኳት። ከቡናው መሐል ጠጠር ለቅማ ወረወረችና «አያትሽ የኛን ጎረቤት ስላላየቻት ነው» አለችኝ። ጎረቤታችን በግድግዳው ስንጥቅ ትሰማን ነበር።

ስለዚህ ገጹን አትዝለዪው። ሁሉም ተቃቅፎ ይቅርታ የሚጠያየቅበትን አዲስ መጽሐፍም አትግዢ፤ ልጅ ያውቅበታል፣ መርዙ የት ሄደ ይልሻል። በ1812 እናቷ እንደነበረች ንገሪያትና «አንቺ ብትሆኚ ማንን ታደርጊ ነበር?» በያት። የምትመልሰው ደስ ላይልሽ ይችላል፤ ቻይው። ለመተንፈሻ ያህል ደግሞ ኤድ ያንግ የሣለውን «ሎን ፖ ፖ» ብታገኚ መልካም ነው። የቻይና ተረት ነው፣ በ1990 ካልዴኮትን አግኝቷል። እናት አያትን ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ተኩላው አያት መስሎ ይመጣል፣ ሦስት እህትማማቾች ዛፍ ላይ ወጥተው በቅርጫት እየጎተቱ ይጥሉታል። የእንጀራ እናት የሚባል በዚያ ደጅ አላለፈም።

አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጃቸው አያቱ የአያ ጅቦን ተረት ከነገሩት ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የለውም ይላሉ። ትቶት የነበረው አልጋ ማርጠብ ተመልሷል፣ ትምህርት ቤትም አልሄድም ብሏል። አያትየዋን ከተረት ላግዳቸው ወይ? ነው ጥያቄያቸው።

እማማን ይተዉዋቸው። ጅማ ላይ ጅብ ተረት ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ሲጮኽ ልጅዎ ይሰማል። ሁለት ወር፣ አልጋ፣ ትምህርት ቤት፦ ይህ የተረት ሥራ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ላይ የሆነበት ነገር ይኖር ይሆናል፤ ጅቡ ስም ሆኖለት ይሆናል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ያሳዩት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ «ምን ይሉናል» ብለው እንዳይቀሩ። ጸበልም ዱአም ካሰቡ ከሐኪሙ ጎን ለጎን ይሁን። እስከዚያ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አይበሉት። የሚቀጥለውን ደብዳቤዎን የምከፍተው ሐኪም ዘንድ ደርሰው መምጣትዎን ላነብ ነው።

«ልጄ 12 ሞላው፤ አሁንም አንብቢልኝ ይላል፣ መቼ ላቁም?»

ድምፁ ሲጎረንን ራሱ ያፍራል፤ እስከዚያ አንብቢ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ የእኔ ነው። ባለፈው ክረምት የአንበሳና የአይጡን መጽሐፍ «ለሁለት ቀን» ብለው የተዋሱኝ ሴትዮ፣ የጎረቤቴ ልጅ በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ቡና ፈስሶበትም ቢሆን ይምጣልን።