መልስ፦ ብግነቱን ማን ያጠፋዋል?

ወንድሜ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ለፈተና እየተዘጋጀህ «ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ብግነትን የሚያስነሳ ከሆነ፣ ማን ያቆመዋል?» ብለህ ጠይቀሃል፤ ብግነት ማለት ሰውነት ለጀርም ወይም ለጉዳት የሚሰጠው የማበጥና የመቅላት ምላሽ ነው። ጥያቄህ አስደስቶኛል፤ ብዙ ተማሪ ማስነሻውን ሸምድዶ ማቆሚያውን ይዘለዋል።

ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ጂኖችን የሚያስነሳ ፕሮቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎቹ ሴን እና ባልቲሞር ያገኙት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዲኤንኤ ከሚቀመጥበት የሴሉ ማዕከል፣ ከኒውክለስ፣ ውጭ፣ አይ-ካፓ-ቢ በሚባል ፕሮቲን ታስሮ ይጠብቃል። የባክቴሪያ ቅንጣት የሴሉን ተቀባይ ሲነካ፣ አይኬኬ የተባለው ኢንዛይም አሳሪው ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ አሳሪውም ተፈጭቶ ይጠፋል። የተፈታው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ በደቂቃዎች ውስጥ ኒውክለስ ገብቶ ብግነት ቀስቃሽ መልእክተኛ ፕሮቲኖች የሆኑትን የቲኤንኤፍንና የኢንተርሉኪን-6ን ጂኖች ያስነሳል። ፍጥነቱ የመጣው ከዚህ ነው፤ ፕሮቲኑ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነውና።

አሁን ልብ በል! ከሚያስነሳቸው ጂኖች አንዱ የገዛ አሳሪው የአይ-ካፓ-ቢ-አልፋ ጂን ነው። አዲስ የተሠራው አሳሪ ኒውክለስ ድረስ ገብቶ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ከዲኤንኤው ላይ ያላቅቀዋል፤ ይዞትም ይወጣል። ኤ20 የሚባለው ፕሮቲንም በኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ትእዛዝ ተሠርቶ መልእክቱን ከምንጩ ያዳክማል። ነገር ግን ቀስቃሹ ካልተወገደ እስራቱና ፍቺው ይደጋገማል። በየክፍሉ ሲታዘዝ የምታየው ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒትም ብግነትን ከሚያበርድባቸው መንገዶች አንዱ ይህንኑ ፕሮቲን መግታት ነው።