ስለ ጨውና ደም ስር ጠይቁኝ፣ ዛሬ ኦፍ ነኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ነርስ ነኝ፣ ባህር ዳር ነው የምሰራው፣ ቀኔ የሚያልቀው ግፊት ስለካ ነው። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጨው በምን ተአምር ነው ደም ስር የሚጎዳው? ይሟሟ የለ እንዴ?
መልስ፦ ይሟሟል፣ ግን ውሃ ይዞ ይቀራል። የሚዞረው ደም መጠኑ ሲጨምር ግፊቱ ከፍ ይላል፣ የደም ስሩ ግድግዳ ደግሞ አመት ሙሉ ሲወጠር እየወፈረ እየደረቀ ይሄዳል። ሌላም አለ፣ የውስጥ ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ነገር ያመነጫል፣ ስሩን የሚያላላው እሱ ነው፣ ጨው ሲበዛ ግፊት ባይጨምርም እሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ግፊቴ ኖርማል ነው ብሎ መዝናናት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ይበቃል?
መልስ፦ የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ሳይቆለል አንድ የሻይ ማንኪያ በሉት። የቀኑ ሁሉ ተደምሮ ነው ታዲያ።

ጥያቄ፦ እኔ ገበታ ላይ ጨው ነክቼ አላውቅም፣ ግፊቴ ግን 150/95 አሉኝ። ከየት መጣ?
መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ቁጭ ብለህ አርፈህ ሌላ ቀን ደግመህ ተለካ፣ ተደጋግሞ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሀኪም ጋር መሄድ ነው፣ ጨው ብቻውን ላይሆንም ይችላል። ጨውን በተመለከተ ግን እኛ ቤት ገበታ ላይ አትፈልገው፣ ኩሽና ነው ያለው። የእናቴ ግፊት በመድሀኒትም አልወርድ ሲል አንድ ቀን ኩሽና ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ ሽሮውን ደረቁን ዱቄት በጣቴ ቀመስኩት፣ ጨው ጨው አለኝ፣ እሷ ደግሞ ድስቱ ሲንተከተክ በእጇ ዘግና ሁለቴ በተነችበት። "እማዬ ሽሮው እኮ ጨው አለው" ስላት "እሱማ እንዳይነቅዝ ነው፣ ምኑ ይቆጠራል" አትለኝም! በርበሬውም እንደዛው፣ ቡናዋም በጨው ነው። አሁን ሽሮውን ያለ ጨው ነው የምናስፈጨው፣ ድስቱ ላይ በማንኪያ ሰፍራ ትጨምራለች፣ የመጀመሪያ ሳምንት ግን አባቴ ጋር ተኳርፈው ነበር።

ጥያቄ፦ አሞሌ ወይስ ሮዙ የሂማላያ ጨው?
መልስ፦ ለደም ስር ያው ነው፣ ሁለቱም ሶዲየም ክሎራይድ ነው። እንቅርት ባለበት አገር አዮዲን ያለውን ግዙ፣ መጠኑን ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር የምንበላው ዓሳ ጥብስስ?
መልስ፦ ዓሳው፣ ቆሮሶው፣ ምንም አላጠፋም፣ የሚነሰነስበት ነው እንጂ። ሚጥሚጣውም ጨው አለበት። ሳይነሰንሱ እንዲያመጡላችሁ እዘዙ፣ ሎሚ ጭመቁበት።

ጥያቄ፦ ፖታሺየም ያለው ጨው ለአክስቴ ልግዛላት? ኤናላፕሪል የሚባል የግፊት መድሀኒት ትወስዳለች።
መልስ፦ ቆይ እህቴ። ቻይና ገጠር ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ላይ ተሞክሮ በ2021 የወጣ ጥናት አለ፣ ሩቡን በፖታሺየም የተካ ጨው ስትሮክ ቀንሷል። ግን ኤናላፕሪል ራሱ ፖታሺየም ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ይብስና የልብ ምት ያዛባል። ደሟን ሳትመረመር እንዳትገዢላት።