ሲሲኤንኤ ይበቃል ወይ ብለህ ለጠየቅከው ልጅ

ወንድሜ፣ «በግል ድርጅት ሁለት ዓመት አይቲ ሠርቻለሁ፣ ባንክ ሲስተም አድሚን ሆኜ ለመቀጠር ሲሲኤንኤ ይበቃል ወይስ ሌላ ልጨምር?» ነው ያልከው። ሲስተም አድሚን ማለት ያው ሰርቨርና የተጠቃሚዎችን አካውንት የሚያስተዳድር ባለሙያ ነው፣ ሲሲኤንኤ ደግሞ የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ሰርተፊኬት። ሁሉም የሰርተፊኬት ስም እየደረደረልህ ነው። እኔም ካንተው ዓይነት ቢሮ ወጥቼ ነው ባንክ የገባሁት፤ መከራ ያሳየኝ ግን ሰርተፊኬት አልነበረም።

1. የሥራ ልምድ ደብዳቤህን አሁኑኑ አጽፍ፣ ሥራውን ሳትለቅ። ማስታወቂያው ላይ «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የምትል ነገር አለች አይደል? ሰው የሚጣለው እሷ ላይ ነው። ማመልከቻህን መጀመሪያ የሚያጣራው የአይቲ ሰው ሳይሆን የሰው ሀብት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው የሥራ መደቡን መጠሪያ ነው። እኔ ሰርቨር ስጭን፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኞች አካውንትና ፈቃድ የሚያዝበትን የዊንዶውስ ሥርዓት) ሳስተዳድር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዩፒኤስ፣ ከመጠባበቂያ ባትሪው ጋር ስታገል ኖሬ፣ የጻፉልኝ ደብዳቤ «የቢሮ ባለሙያ» ይላል። ደሞዝ የለበትም። የሥራ ግብር ስለመከፈሉ አንድም ቃል የለም። ፈተና እንኳ ሳልቀመጥ ተጣልኩ።

ይስተካከልልኝ ብዬ ስሄድ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «እዚህ ለሁሉም የሚጻፈው አንድ ፎርማት ነው» አለችኝ። ከዚያ ነገ ና፣ ማኅተም የያዘችው ልጅ የለችም፣ ሥራ አስኪያጁ ፊልድ ናቸው። ፕሪንተሯ እምቢ ሲላት ግን «የኔ ወንድም» ነበርኩ! በኋላ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅን፣ 1156/2011ን፣ አወጣሁት። ሠራተኛው ሲለቅም ሆነ በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት አለበት ይላል። ያቺን ገጽ ፕሪንት አድርጌ፣ በቢጫ አስምሬ፣ ከማመልከቻ ጋር መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግኩና ቁጥር ተቀበልኩ። ጠባያቸው ወዲያው ተለወጠ። መጠሪያውን አልቀየሩም፣ ግን የሠራሁትን ሥራ አንድ በአንድ ዘርዝረው፣ ደሞዙንና ግብሩን ጨምረው ጻፉልኝ። ባንኩ የተቀበለው ያንን ነው። አንተም እንዲዘረዘርልህ ጠይቅ፣ ረቂቁን ራስህ ጽፈህ ብትወስድላቸው ደግሞ ይቀላቸዋል።

2. ሲሲኤንኤ አይጠላም፣ ግን በዋናነት የኔትወርክ ነው፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ የሰርቨር ሥራ ነው። ገንዘቡ ከሌለህ ቤትህ ላብ፣ ማለትም የመለማመጃ ኔትወርክ፣ ሥራ። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳልህ ቨርቹዋልቦክስ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ሰርቨርም ለ180 ቀን ሙከራ በነጻ ይወርዳል። ዶሜይን ኮንትሮለር (አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚሠራበትን ሰርቨር) ጫን፣ ዩዘር ፍጠር፣ ግሩፕ ፖሊሲ (ለሁሉም ማሽን በአንዴ የሚወርድ ደንብ) ሞክር፣ ከዚያ ሆን ብለህ አፍርሰውና ከባክአፕ መልሰው። ባክአፕ ወስጃለሁ የሚል ሞልቷል፣ መልሶ አይቶት የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

3. ኢንተርቪው። እኔን «አንድ ሠራተኛ ኢንተርኔት የለኝም ብሎ ደወለ፣ አይፒው (የማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ) በ169.254 ይጀምራል፣ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ሪስታርት አደርገዋለሁ ብሎ ወጥቷል፣ በር ላይ ነግሮኛል። እኔ የድሮ ቢሮዬን ነገርኳቸው። ያ አድራሻ ማለት ማሽኑ ዲኤችሲፒን፣ አድራሻ የሚያድለውን ሰርቪስ፣ አላገኘም ማለት ነው። እዚያ ቢሮ ይህ ሲገጥመኝ ሳይ፣ ኬብሉ ደህና፣ ሰርቪሱም ይሠራል። ለካ አድራሻው አልቆ ነው! 254 አድራሻ ነበረን፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ስልኩን ዋይፋይ ላይ ይሰካል፣ የዊንዶውስ ዲኤችሲፒ ደግሞ ካልነካኸው አንዱን አድራሻ ለ8 ቀን ያከራያል። እንግዳው ቤቱ ገብቶ ተኝቷል፣ አድራሻው ተይዟል። የእንግዶቹን ለብቻ ለይቼ ኪራዩን ወደ ጥቂት ሰዓት አወረድኩት፣ ስልኬም መጮህ አቆመ። ይህን ስናገር ጠያቂው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «እኛም ጋ እኮ...» ብሎ ወሬ ጀመረ። የቀሩትን ጥያቄዎች ለይስሙላ ነው የጠየቁኝ ማለት ይቻላል።

እና ሁለት ዓመት ስትሠራ የፈታኸው አንድ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ፈልገው፣ ከምልክቱ እስከ መፍትሔው ጮክ ብለህ ለራስህ ተናገረው።

ስለ ደሞዝ ላልከው፣ ማስታወቂያው «በባንኩ ስኬል» ካለ አትድከም፣ ክርክር የለም። «በስምምነት» ካለ ግን ቀድመህ ቁጥር አትጥራ፣ የመደቡን መነሻ ጠይቃቸው። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የአሁን ደሞዝህን ማየታቸው አይቀርምና በአፍህ የምትናገረው ከእሱ ጋር ይግጠም።