ከድሬ ዳዋ ተነስታችሁ አዋሽን ተከትላችሁ ውሃ ዳር ለማደር ላሰባችሁት

እህቴ ጥያቄሽን ከትናንት ማታ ጀምሮ እያየሁት ነው። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሹ "አዞ ይጨርሳችኋል" ግማሹ ደሞ "ምንም የለም ሂዱ" ነው የሚሉት፣ የምር ሁለቱም ወገን ሄዶ ያየው አይመስለኝም። ጥያቄውን ላላያችሁት፣ እህታችን ወንድሟ ከካናዳ ለገና ይመጣል፣ ሃይሩፍ ሚኒባስ ውስጥ አልጋና ማብሰያ አስገጥመው ሶስት ልጆች ይዘው ከድሬ ተነስተው አዋሽን እየተከተሉ እስከሚያልቅበት ድረስ ውሃ ዳር እያደሩ መሄድ ይቻላል ወይ ነው ያለችው። ወንድሟ እዛ በቤት መኪና ወንዝ ዳር ማደር ለምዶ እዚም እንደዛ ሊያደርገው ነው።

እኔ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው፣ 11 አመት ነድቻለሁ፣ ሚኒባስም ላንድክሩዘርም፣ ወደ አፋር ሰው ይዤ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጥረውም፣ ለራሴም ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ይዘን ብዙ አድረናል። ይቻላል። ግን እናንተ ባሰባችሁት መንገድ አደለም። እዛ አገር መኪናው ቆሞ መብራት የሚሰካበት፣ ውሃ የሚሞላበት፣ ቆሻሻ የሚደፋበት የተዘጋጀ ቦታ አለ፣ እዚ እንደዛ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው መሬትና ዛፍ ነው፣ ፓርክ ከገባችሁ ደሞ ጥበቃ።

መጀመሪያ መኪናው ውስጥ መተኛት የሚለውን እርሱት። አቦ የድሬ ልጅ ሆነሽ ይሄን እኔ ልንገርሽ? ግንቦት ላይ ቤት ውስጥ መተኛት አቅቶን አልጋ ግቢ አውጥተን አደል እንዴ ያደግነው። አዋሽ በታህሳስ ማታ ማታ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወደ አሳይታ ስትወርዱ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሀይ የጠጣ ቆርቆሮ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተኝቶ፣ መስኮት ሲዘጋ ምድጃ ነው፣ ሲከፈት ደሞ የወባ ትንኝ ግልብጥ ብሎ ይገባል። እኛ የምናደርገው ታጣፊ አልጋ ውጭ ዘርግተን ከላይ አጎበር መስቀል ነው፣ መኪናው የጓዝ ማስቀመጫና የንፋስ መከላከያ ነው በቃ። ልጆቹን ግን ውስጥ ማስተኛት ካለባችሁ መስኮቶቹ ላይ የትንኝ መረብ ቀድማችሁ አሰፉ፣ ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው፣ ውሃው ራሱ ነው። አዞውን ሁሉም ያወራል፣ ጅቡማ ለኛ ለምስራቅ ሰው ጎረቤት ነው፣ ውሃን ግን ማንም አይፈራም፣ በተለይ የሌለ ውሃ። ድሬን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ ደቻቱን አስቢው። አመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ለሊት ላይ ግን ከላይ ከሀረርጌ ተራራ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይሄን እያወቅን እኔና ሶስት ጓደኞቼ አንድ አመት ነሐሴ ላይ ወደ ኤረር ፍልውሃ ስንሄድ መሸብንና ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ላይ አደርን፣ ለምን ቢባል ለጥ ያለ ነው፣ ድንጋይ የለውም፣ ይመቻል። ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ ነበር፣ ጠብታ የለም። ከለሊቱ ስምንት ሰአት አካባቢ አንደኛው ሽንት ቤት ሊወጣ ተነስቶ "የዝናብ ሽታ አይሸታችሁም?" አለ፣ እኛ ተኛ ባክህ አልነው። ትንሽ ቆይቶ ቀዝቃዛ ንፋስ ከላይ ወደታች መጣ፣ ከዛ የሆነ ድምፅ፣ ውሃ ውሃ የማይመስል፣ ሽንብራ ወንፊት ላይ የሚያንገዋልሉ አይነት፣ ለካ ድንጋዩ ነው እየተንከባለለ። እኛ በባዶ እግር ወደ ዳር ወጣን፣ መኪናው ድሮም ከላይ ነበር የቆመው አላህ ይመስገን። ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ የኔ ጫማ፣ አንድ ሙሉ ሳጥን ውሃና ፌስታል ጫታችን ሄደ። ያ ልጅ ሽንቱ ባይመጣ ይሄን አልፅፍልሽም ነበር።

አዋሽም ላይ እንደዛው ነው፣ እንደውም ይብሳል፣ ምክንያቱም አንቺ ያለሽበት ሳይዘንብ ወንዙ ከሚነሳበት ከላይ ግንጪ በኩል ዘንቦ ነው የሚመጣው፣ ቆቃ ግድብ ሞልቶ ሲለቀቅ ደሞ ታች ያለው ሰው በጠራ ሰማይ ወንዙ ሲያብጥ ያያል። በ2012 ነሐሴ ላይ አፋር ውስጥ ስንት ሰው በአዋሽ ጎርፍ እንደተፈናቀለ ታስታውሳላችሁ። እናንተ በገና ስለምትሄዱ ወንዙ ወርዶ ነው የምታገኙት፣ ወቅቱ ጥሩ ነው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ብትሉኝ አትሂዱ ነበር የምላችሁ። ቢሆንም ድንኳን ስትተክሉ ወንዙን ሳይሆን ዛፉን እዩ፣ ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ሳርና ላስቲክ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ውሃው እዛ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ከሱ በላይ ውጡ።

የት እንደር ላልሽው የመጀመሪያውን ለሊት አዋሽ ፓርክ አድርጉት። ከድሬ በቁልቢ በጭሮ አድርጋችሁ ሚኤሶ ወርዳችሁ፣ አዋሽ ከተማን አልፋችሁ ወደ መተሃራ ሳትደርሱ ነው፣ ለመጀመሪያ ቀን መንገዱ አይከብድም። ፏፏቴው አጠገብ ወንዝ ዳር ዛፍ ጥላ ስር ማደሪያ ቦታዎች አሉ፣ ክፍያውን በር ላይ ጠይቁ ዋጋው ይቀያየራል፣ መሳሪያ የያዘ ስካውት ያስይዟችኋል፣ አትከራከሩ፣ እራቱን አብራችሁ አብሉት፣ ለሊቱን ሙሉ እሳት አጠገብ የሚነቃላችሁ እሱ ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ ሳላ ታያላችሁ፣ ዝንጀሮውም የታወቀ ነው፣ የሜዳውና የበረሃው ሁለቱ አይነት እዛ ተገናኝተው ስለሚዳቀሉ ተመራማሪ ከውጭ ድረስ እየመጣ ያጠናቸዋል። የሚያስቸግራችሁ ግን ጦጣው ነው። የድንኳን ዚፕ ይከፍታል ስልሽ እየቀለድኩ አደለም፣ በአይኔ አይቻለሁ፣ በሁለት እጁ ሳብ ሳብ አድርጎ ከፍቶ ዳቦውን በብብቱ ይዞ ወጣ፣ ሙሸበካችንን፣ ያንን የድሬ ጣፋጭ፣ ግን ቀምሶ ጣለው፣ እሱ ነው የከነከነኝ።

አዞ አለ፣ አዎ። አዞ ማለት ግን መኪና ውስጥ ገብቶ የሚበላ ነገር አደለም፣ ውሃው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ድስት የሚያጥብ ሰው ነው የሚያስፈራኝ። ውሃ ከፈለጋችሁ ባልዲ በገመድ አስራችሁ ከፍ ካለ ቦታ ቅዱ፣ ሁለቴ እዛው ቦታ አትመለሱ፣ ልጆቹ ደሞ ጭራሽ። ፍልውሃውም ፓርኩ ውስጥ ሰሜን በኩል አለ፣ በዘንባባ የተከበበ፣ በጣም ያምራል፣ ግን ውሃው ይፋጃል፣ ልጅ ከመክተታችሁ በፊት እጃችሁን አስገቡ። መተሃራ ጋ ያለው በሰቃ ሐይቅ ዳር ግን አትደሩ፣ ውሃው ጨዋማ ነው፣ ሐይቁ ደሞ በየጊዜው እየሰፋ መንገድና ሀዲድ ያስቀየረ ነው፣ ዳርቻው ጭቃ ስለሆነ ሚኒባስ ከገባ አይወጣም። አንድ ነገር ደሞ፣ በ2017 ታህሳስና ጥር የፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሰው ከቦታው ተነስቶ ነበር፣ ስለዚ ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩ ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ከአዋሽ ወደ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ ያለው የጅቡቲ መንገድ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛዋል። እዛ መሃል ላይ መንገድ ዳር አትደሩ ነው የምለው፣ ገዋኔ አካባቢ በጎሳ ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ጠዋት አዋሽ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ጠይቃችሁ በቀን እለፉት። ከአስፋልት ወጥታችሁ ጥላ ፍለጋ ስትገቡ ደሞ ፕሮሶፒስን ተጠንቀቁ፣ አፋሮቹ የደርግ ዛፍ የሚሉት፣ በረሃ ያለማል ተብሎ መጥቶ የግጦሹን መሬት የወረረው። አረንጓዴ ስለሆነ ከሩቅ ያማልላል። እሾሁ ጎማ ይበሳል። አንዴ ሁለት ጊዜ በአንድ ቀን ተነፈሰብኝ፣ እዛው ጎማ ላይ፣ ካለመዳሪ (የውስጡን ጎማ) ቀይሬ ሁሉ። ሎግያ ያለ ጎሚስታ ሽማግሌ ነው ያሳየኝ፣ ጎማውን ፈትቶ የአሮጌ ሻሽ ቁራጭ አውጥቶ በውስጥ በኩል ዙሪያውን ቀስ እያለ አሸው፣ የሆነ ቦታ ላይ የሻሹ ክር ያዝ አደረገው፣ በፒንሳ ሲስበው የጥፍር ቁራጭ የምታክል የእሾህ ጫፍ ነች፣ ካለመዳሪውን በተቀየረ ቁጥር እሷ ነች የምትበሳው። በእጅ ቢዳሰስ እጅህን ነው የምትወጋህ አለኝ። ሁለት ስኮርት ጎማ ያዙ።

ሰመራ ስትደርሱ ክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ገብታችሁ የፍቃድ ወረቀት አውጡ፣ አሳይታና አፋምቦ ላይ ይጠየቃል። አሁን ወንድምሽ የሚፈልገው ቦታ እዛ ነው። አዋሽ 1200 ኪሎሜትር ያህል ሄዶ ባህር ሳይደርስ ነው የሚያልቀው፣ አሳይታ ጋ ሜዳ ላይ ተበታትኖ ቦይ፣ ረግረግ፣ ሐይቅ ሐይቅ ይሆንና መጨረሻ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ጨው ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በፈረንጆቹ 1934 ይሄን በግመል እስከመጨረሻው ተከትሎ ያየው ነው፣ እናንተ በሚኒባስ የምትደርሱት ግን አሳይታ ድረስ ብቻ ነው። ከዛ በኋላ ያለው አሸዋና ቦይ ነው፣ የቦዩ ዳር ከታች ውሃ ስለሚጠጣ ደረቅ መስሎ ጎማ ይውጣል። ሚኒባሱን አሳይታ አቁማችሁ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩና ከአገሬው መሪ ጋር ተከራዩ። ማደሪያ ደሞ ድንኳን አትድከሙ፣ አሳይታ ገደሉ ጫፍ ላይ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ሆቴል አለ፣ በረንዳው ላይ አልጋ ዘርግተው ያከራያሉ፣ አጎበራችሁን ሰቅላችሁ ወንዙን እያያችሁ ትተኛላችሁ፣ ለልጆች ከዚ የተሻለ የለም።

አፋር አገር ስትገቡ ዳጉን ልመዱ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናቡ የት ነው፣ ግመሉ የት ነው እየተባባለ ወሬ ይለዋወጣል፣ ውሸት መናገር ነውር ነው። መሪያችሁ እዛ ቆሞ አስር ደቂቃ ሲያወራ "ምነው አንሄድም እንዴ" ብላችሁ አታቻኩሉት። አንዴ አፋምቦ በኩል ልናድር ቦታ መርጠን ድንኳን ማውረድ ጀምረን፣ አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ መጥቶ ከመሪያችን ጋር ዳጉ ተቀመጡ፣ ሲጨርሱ መሪው ምንም ሳያብራራ "ጫኑ" አለን፣ ወደ ኮረብታው ሄድን፣ ጠዋት ተመልሰን ስናይ የወረድንበት ቦታ ቁርጭምጭሚት ድረስ ውሃ ነው፣ ላይ በኩል ቦይ ተከፍቶ ነው አሉ። ፎቶ ደሞ ሳትጠይቁ አታንሱ፣ ሴቶችን በተለይ።

ውሃ የወንዙን አትጠጡ፣ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን አምስት ሊትር አስቡ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖቹን ከድሬ ሞልታችሁ ውጡ። እንጨት አትቁረጡ፣ ቡታጋዝ ያዙ፣ ቆሻሻችሁን በማዳበሪያ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ፌስታል ግመልና ፍየል በልቶት ይሞታል። ወባ ቀልድ አደለም፣ በ2014 ድሬ ራሷ ላይ የተነሳውን ወረርሽኝ አይተናል፣ ወንድምሽ ከካናዳ ሳይወጣ ሀኪሙን ጠይቆ የመከላከያ ኪኒን ይጀምር፣ ልጆቹም፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ሳምንታት ቆይቶም ትኩሳት ከመጣ አዋሽ አድረን ነበር ብላችሁ ለሀኪሙ ንገሩት።

የሚኒባሱን ወንበር ከነቀላችሁ ደሞ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቃችሁ ይሁን፣ ያለፍቃድ ነቅሎ ቦሎ ላይ የተንገላታ ሰው አውቃለሁ። የኔ ምክር አትንቀሉት ነው፣ ኋለኛውን ሁለት ረድፍ አጥፉና ከላዩ ጣውላና ፍራሽ አድርጉበት፣ አናጢ ከፊራ ገበያ አካባቢ ታገኛላችሁ፣ የልጆቹን ወንበር ከነቀበቶው ተዉላቸው። መኪናው የስንት አመት ነው ግን? ጎማውን ፎቶ አንስተሽ እዚ ለጥፊውና ልየው።