ጓደኛዬን ከልብ ማመስገን ከእግዚአብሔር ክብር መቀነስ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሐዋሳ ነው። ገና ፍሬሽ እያለሁ እናቴ አረፈች። የዶርም ጓደኛዬ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አብራኝ ተነሣች። አዲስ አበባ አድረን ደሴ ድረስ አደረሰችኝ። ከለቅሶው ቤት ሦስት ቀን አልተለየችም። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ልተው ብል እምቢ ብላ መለሰችኝ። ከቤት የሚላክላትን ትንሽ ብር እስክንመረቅ ድረስ ለሁለት ስትከፍል ኖረች። ዛሬ እኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዣለሁ። እሷ ሥራ አጥታ ወላጆቿ ጋ ተመልሳለች። ከደወልኩላት ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። የማከብረውን ሰው ባማክር «ያደረገልሽ እግዚአብሔር ነው፣ ምስጋናም የእሱ ብቻ ነው፤ ሰው መሣሪያ ነው» አለኝ። እውነት ነው? ውለታዋንስ እንዴት ልመልስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ።

ጥያቄሽን ሳነብ «ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው» ያልሽው ላይ ቆምኩ። ግቢ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ላይብረሪ ቦታ የሚጠፋበት፣ ሰው እንቅልፉን የሚሰስትበት ሰሞን ነው። ያቺ ልጅ በዚያ ሰሞን ደብተሯን ዘግታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ በልብሽ ይዘሽ መቆየትሽ መልካም ነው። የረሳሽ ቢሆን ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን የገዛ ቋንቋችን መልሶታል። አያቶቻችን ሲያመሰግኑ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። ቃሉን ቀስ ብለሽ ስሚው። «አንቺ ላደረግሽልኝ እኔ የምከፍለው አይበቃም፤ ስለ እኔ እሱ ይስጥሽ» ማለት ነው። ፊት ለፊት ለቆመው ሰው የሚነገር ምስጋና ነው፤ ደግሞም ጸሎት ነው። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። እነዚያ ሰዎች እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑት ሰውን ዘለው አልነበረም።

ያማከርሽው ሰው ግማሹን እውነት ነግሮሻል። በጎ ነገር ሁሉ ከላይ ነው። «መሣሪያ» የሚለው ቃል ግን ይከብደኛል። መዶሻ አይራብም። መዶሻ እምቢ ማለት አይችልም። ጓደኛሽ እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እግዚአብሔር በልቧ አሳሰባት፣ እሷም ታዘዘች። መታዘዟ የራሷ ነው። የምታመሰግኚያትም ለዚህ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቺ። ስለ ጸጋ እንደ እሱ ያስተማረ ማን አለ? ግን ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት 16ኛ ምዕራፍ ክፈቺ። ከሃያ በላይ ሰዎችን በየስማቸው እየጠራ ሰላም ይላል። ጵርስቅላንና አቂላን ስለ እሱ ነፍሳቸውን ለአደጋ እንደሰጡ ጠቅሶ ያመሰግናቸዋል። ሄኔሲፎሩን ደግሞ ሮም መጥቶ ተግቶ እንደፈለገው፣ በሰንሰለቱም እንዳላፈረ ለጢሞቴዎስ ይጽፍለታል። ማን ምን እንዳደረገለት በስሙ ነው የሚናገረው።

አሁን የሁለት ተማሪዎችን ታሪክ ላጫውትሽ። ቅዱስ ባስልዮስን በቅዳሴው ታውቂዋለሽ፤ ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትንም ስሙን ሰምተሽ ይሆናል። (የባስልዮስ ታናሽ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።) ሁለቱም የቀጰዶቅያ (ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለ አገር) ልጆች ናቸው። ልባዊ ወዳጅነታቸው የጸናው ግን ከአገራቸው ርቀው፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አቴና ላይ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ዛሬ በምንለው ቋንቋ የግቢ ጓደኞች ነበሩ።

አቴና ቀድሞ የገባው ጎርጎርዮስ ነው። በዚያ ከተማ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ ከብበው ይቀልዱበታል፤ በገበያው መሐል እየጮኹና እየገፈተሩ እስከ መታጠቢያው ቤት ይወስዱታል። ባስልዮስ ሲመጣ ጎርጎርዮስ ነባሮቹን ለመነለት። ስለ ጨዋነቱና ስለ ዕውቀቱ ነገራቸው፤ ባስልዮስም ከዚያ ሁሉ ዳነ። በኋላ ባስልዮስ «አቴና እንዳሰብኳት አይደለችም» ብሎ ልቡ ሲሰበር ያጽናናው ያው ጎርጎርዮስ ነው። ጓደኛሽ ትምህርቱን ልተው ስትዪ እምቢ ያለችሽን አስታወሰኝ።

በአንድ ቤት ኖሩ፣ በአንድ ገበታ በሉ። ጎርጎርዮስ ስለዚያ ዘመን ሲናገር የምናውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነበር ይላል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያንና እዚያ ወዳሉት መምህራን፣ ሌላው ወደ ትምህርት ቤት። ሁለት ሥጋ ለብሰን አንዲት ነፍስ የነበረን እንመስል ነበር ይላል። በግቢ ጉባኤ (በኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ጉባኤ) ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛም መንገዳችን ዶርም፣ ክላስና ጉባኤ ነበር።

ይህን ያነሣሁልሽ ግን ለቀጣዩ ክፍል ስል ነው። ወዳጅነታቸው ቆስሎ ያውቃል። በ372 እ.ኤ.አ. ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ያለችው የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ጎርጎርዮስን ሳሲማ ለምትባል ትንሽ ቦታ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ሳሲማ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ውኃ የላት፣ ለምለም ነገር የላት፣ አቧራና የሠረገላ ጫጫታ ብቻ። ጎርጎርዮስ ወዳጄ ተጠቀመብኝ ብሎ በጣም አዘነ። ኀዘኑም ቶሎ አልወጣለትም።

ባስልዮስ በ379 ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ታሞ ነበርና ለቀብር አልደረሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቂሣርያ ላይ ቆሞ ስለ ወዳጁ ረጅም የምስጋና ንግግር አደረገ። የአቴናውን ኑሮ በዝርዝር የምናውቀው ከዚያ ንግግር ነው። የሳሲማን ቅሬታ እንኳ አልሸሸገም፤ እዚያው መሐል ጠቅሶታል። ጠቅሶትም አመሰገነ። ያንን ንግግር ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ያ ሁሉ ያማረ ቃል ሲነገር ባስልዮስ መቃብር ውስጥ ነበር።

የአንቺ ጓደኛ ግን በሕይወት አለች። ስልክም አላት።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ውለታ ስለ መመለስ ነው። ቶሎ የሚመጣልሽን ሐሳብ እገምታለሁ፤ በቴሌብር ጠቀም ያለ ብር መላክ። እባክሽ በእሱ አትጀምሪ። ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ ድንገት ብር ብቻ ቢደርሳት፣ «ዕዳዬን ከፈልኩ፣ ተለያየን» ያልሻት ይመስላታል። ደግሞም ሥራ አጥታ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት፤ የምጽዋት ስሜት ሊሰማት ይችላል። መጀመሪያ ድምፅሽን ትስማ።

ስትደውዪ ሰበብ አታብዢ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው» አትበያት። «ጠፋሁብሽ፣ አጠፋሁ፣ ይቅር በዪኝ» ይበቃል። ከዚያ ያደረገችልሽን በዝርዝር ንገሪያት። «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ልብ ግን አይደርስም። ደሴ የገባችሁበትን ቀን አንሺላት። ለቅሶው ቤት የት እንደተቀመጠች፣ ማታ ምን እንዳለችሽ፣ ወር ሲጋመስ ብሩን እንዴት እንደቆጠራችሁት ንገሪያት። ምናልባት እሷ ረስታው ይሆናል። ደግ ሰው የራሱን ደግነት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዛሬ እቤት ቁጭ ብላ «ምንም አልሠራሁም» እያለች ከሆነ ደግሞ፣ አንዲት ነፍስ እንዳተረፈች ካንቺ አፍ መስማት ያስፈልጋታል።

«ደውዬ ብትቀየመኝስ?» ትዪ ይሆናል። ልትቀየም ትችላለች፤ መብቷም ነው። ዝም ብለሽ ስሚያት። መጽሐፈ ምሳሌ «ወዳጅ በዘመኑ ሁሉ ይወድዳል፤ ወንድምም ለመከራ ይወለዳል» ይላል (17፥17)። በመከራሽ ቀን የተወለደችልሽ እኅት በአንድ ስልክ ጥሪ ኩርፊያ የምትጠፋ አይመስለኝም። እፍረት ግን ክፉ ነው። እያንዳንዱ ወር ሲጨመርበት መደወሉ ይከብዳል። እኔም አንድ የግቢ ወዳጄን በዚህ ዓይነት እፍረት አራት ዓመት አጥቼው ነበር። የደወልኩ ዕለት ያለኝ «ቁጥርህን አልቀየርክም እንዴ?» ብቻ ነው። ከዚያ አለቀስን።

ከዚህ በኋላ መርዳቱ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት። ዳዊትን አስቢው። ከዮናታን ጋር ቃል ኪዳን ነበራቸው። ዮናታን ሞቶ፣ ዳዊት ነግሦ፣ ዘመን አልፎ፣ «ስለ ዮናታን ቸርነት የማደርግለት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለን?» ብሎ ጠየቀ። ሁለት እግሩ ሽባ የሆነው የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ተገኘ። ዳዊት የአያቱን የሳኦልን እርሻ መለሰለት፤ በዚያ ብቻ አልቆመም፣ ሁልጊዜ ከራሱ ገበታ እንዲበላ አደረገው። ርዳታው ከገበታ ጋር ነው የመጣው። አንቺም ለሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ስትመጣ ቤትሽ ትረፍ። ማስታወቂያ ስታዪ ላኪላት፤ ሲቪዋን አብራችሁ አስተካክሉ። መሥሪያ ቤትሽ ሰው ሲፈልግ ስሟን ሳታፍሪ አንሺ። ብሩንም ያኔ ከእጅ ወደ እጅ፣ እንደ ዶርም ጊዜው፣ ለሁለት ክፈዪው።

ዝምታሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ትልቅ ኃጢአት አድርገሽ እንድትጨነቂበት ግን አልፈልግም፤ ከመደወል የሚያስቀርሽ ጭንቀት ከሆነ አይጠቅምሽም። በጸሎትሽ ስሟን ጥሪ። ሌላ እምነት ያላት እንኳ ብትሆን ጥሪያት፤ ለወዳጅ መጸለይን የሚከለክል ትእዛዝ የለብንም። ኦርቶዶክሳዊት ከሆነች የክርስትና ስሟን ለንስሐ አባትሽ ስጪያቸው፣ በጸሎት ያስቧታል።

ከደወልሽላት በኋላ እስኪ ጻፊልኝ። ስሟንም አብረሽ ላኪልኝ፤ እኔም በጸሎት አስባታለሁ።